የኤሌክትሪክ ገመድ በብረት መሳቢያ አሳሳብ፦ ሳይቀረቀር፣ ሳይፈታ፣ ሳይላጥ

ኮንዲውት (ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ የገመድ ቱቦ) ውስጥ ገመድ መሳብ ሲያዩት ቀላል ነው። መሳቢያው በአንዱ ጫፍ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል፤ ገመዱ ይታሰርና ይሳባል። ሲሞከር ግን ብዙ ሰው መሃል ላይ ይቀራል። መሳቢያው የሆነ ቦታ ይቀረቀራል። ወይ ደግሞ ገመዱ ኤልቦ (የቱቦው መታጠፊያ) ላይ ከመሳቢያው ይፈታል። አንዳንዴ ገመዱ ይወጣል፣ ግን ሽፋኑ ተልጦ ነው። ይሄኛው ከሁሉም ይከፋል፤ ጉዳቱ ግድግዳ ውስጥ ስለሆነ ማንም አያየውም።

ይህን ሥራ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የጉልበት ማነስ አይደለም፣ የጉልበት መብዛት ነው። ከአንድ ሰው ክንድ በላይ ኃይል ከጠየቃችሁ የሆነ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው። ሁለተኛ ሰው ጠርቶ አብሮ ከመጎተት ይልቅ ቆም ብሎ ስህተቱን መፈለግ ያዋጣል።

ነገሩን ጨበጥ ለማድረግ አንድ የተለመደ ሥራ እንውሰድ። በብሎኬት በተሠራ ቤት ውስጥ፣ ከብሬከር ሳጥን እስከ ኩሽና፣ ለእንጀራ ምጣድ የብቻ መስመር እንስባለን። የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይፈጃል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር ገደማ ይሆናል። ይህን ሁሉ ከሌሎች ሶኬቶች ጋር በአንድ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ላይ መጫን ገመዱን ያግላል። ስለዚህ ሦስት ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ እንስባለን፦ ፌዝ (ኤሌክትሪክ አምጪው)፣ ኒውትራል (መላሹ) እና ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው መከላከያ)።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሁለት ገመድ ብቻ ስቦ "ኧርዙን በኋላ" የሚል ሰው ሞልቷል። ሁለት ገመድ በተኛበት ኮንዲውት ውስጥ ሦስተኛ መጨመር ከመጀመሪያው ሥራ በጣም ይከብዳል፤ ስለዚህ ያ "በኋላ" አይመጣም። ምጣድ ደግሞ የብረት አካል አለው፣ የሚሠራበትም በእርጥብ እጅ ነው። ሦስቱንም አንድ ላይ ሳቡ።

ደረጃ 1፦ ኤሌክትሪኩን አጥፉ፣ መጥፋቱንም አረጋግጡ

መሳቢያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ብረት ነው። ወዲያኛው ጫፉ ብሬከር ሳጥን ውስጥ ኤሌክትሪክ ያለበት ነገር ከነካ፣ በእጃችሁ የያዛችሁትም ጫፍ ያው ኤሌክትሪክ አለው።

1. ገና ሳታጠፉ ቴስተራችሁን በሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክሩት። የማይሠራ ቴስተር ሁሉንም ቦታ "ኤሌክትሪክ የለም" ይላል።
2. ዋናውን ብሬከር አጥፉ። የኩሽናውን ብቻ ማጥፋት አይበቃም። ቆጣሪው አጠገብ ሌላ ብሬከር ካለ እሱንም አጥፉ።
3. ብሬከሩን በናስትሮ ሸፍናችሁ "ሰው እየሠራ ነው" ብላችሁ ጻፉበት። ቤት ላለው ሰው ሁሉ በአፍም ንገሩ። ሳጥኑ የሚቆለፍ ከሆነ ቆልፉና ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱት።
4. በፌዝና በኒውትራል፣ በፌዝና በኧርዝ፣ በኒውትራልና በኧርዝ መካከል ለኩ። ከዚያ ቴስተሩን ኤሌክትሪክ ባለበት ሌላ ቦታ ላይ እንደገና ሞክሩትና አሁንም መሥራቱን እዩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዋናው ብሬከር ቢጠፋም ከቆጣሪ የሚመጣው ገመድ የታሰረበት ጎኑ ኤሌክትሪክ አለው። ቀድሞ የሚያጠፋው ሌላ ብሬከር ከሌለ መሳቢያውን ወደዚያ ሳጥን አትግፉ፣ ባለሙያ ጥሩ። የቆጣሪውን ማሸጊያ ደግሞ በፍጹም አትንኩ። እሱን መክፈት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ "መብራት ጠፍቷልና አሁን እንሥራ" ማለት አይሆንም። መብራት መቼ እንደሚመጣ ማንም አይነግራችሁም። ጄኔሬተር፣ ኢንቨርተር ወይም ሶላር ካለ እነሱንም ለይታችሁ አጥፉ።

ደረጃ 2፦ ዕቃ አሟሉ

የብረት መሳቢያው፣ ብዙዎች ፊሽ ቴፕ የሚሉት፣ ስፋቱ 3 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ጠፍጣፋ ብረት ይሁን። ርዝመቱ ከመንገዱ ቢያንስ 3 ሜትር ይብለጥ። ለመኖሪያ ቤት 15 ወይም 20 ሜትር ብዙ ጊዜ ይበቃል። እጀታ ባለው መያዣ የተጠቀለለውን ምረጡ። ያለ መያዣ የተጠቀለለ ብረት ሲፈታ ይፈናጠራል፣ ዓይን ያጠፋል።

የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ መሳቢያ አይሆንም። ለስላሳ ስለሆነ ሲገፋ ይታጠፋል፤ የተቆረጠ ጫፉም ኮንዲውቱን ይቧጥጣል።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልጋችሁ፦

- የቆዳ ጓንት እና የዓይን መከላከያ መነጽር
- ፒንሳ፣ የገመድ መላጫ፣ ካቻቪቴ
- ጥሩ ናስትሮ፤ የደረቀና የማይጣበቅ ከሆነ አዲስ ግዙ
- ሜትር እና ማርከር
- የገመድ መሳቢያ ማለስለሻ
- መልቲሜትር፤ ከተገኘ ሜገር (የገመድ ሽፋን ደህንነት መለኪያ)
- አንድ ረዳት

ረዳቱ ለሞራል አይደለም። ያለ እሱ ሥራውን ባትጀምሩት ይሻላል፤ ምክንያቱን ደረጃ 7 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 3፦ መንገዱን እወቁ

ከሳጥኑ እስከ ኩሽናው ድረስ ኮንዲውቱ የት የት እንደሚያልፍ በወረቀት ሳሉ። ግድግዳው ገና ሳይለሰን የተነሳ ፎቶ ካለ ፈልጉት፣ ብዙ ድካም ያስቀራል። ከዚያ ሦስት ነገር አጣሩ።

መታጠፊያው ስንት ነው? በሁለት ሳጥኖች መካከል የመታጠፊያዎቹ ድምር ከ360 ዲግሪ፣ ማለትም ከአራት ባለ 90 መታጠፊያ፣ መብለጥ የለበትም። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኮድ ያስቀመጠው ወሰን ነው፤ እዚህም በተግባር እውነት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ካለፈ መሃል ላይ ጃንክሽን ቦክስ (የገመድ ማገናኛ ሳጥን) አስገቡና በሁለት ከፍላችሁ ሳቡ።

ቦታ አለ? ሦስትና ከዚያ በላይ ገመድ ሲሆን ከኮንዲውቱ የውስጥ ስፋት ከ40 በመቶ በላይ አትሙሉ። ባለ 4 ገመድ ከነሽፋኑ ከ4 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይወፍራል። ሦስቱ አንድ ላይ 45 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ይይዛሉ። ባለ 20 ሚሊ ሜትር ኮንዲውት ውስጡ ከ200 ካሬ ሚሊ ሜትር በላይ ስለሆነ በምቾት ይገባሉ። ባለ 16 ኮንዲውት ግን ውስጡ 130 አካባቢ ነው። ሦስቱ ይገባሉ፣ አራተኛ አትጨምሩ።

ውስጡ ሌላ ገመድ አለ? ካለ መሳቢያ አትግፉበት። ኤሌክትሪኩ ቢጠፋም የብረቱ ጫፍ የነበረውን ገመድ ሽፋን ሊበሳ ይችላል። አሮጌው ገመድ የሚወጣ ከሆነማ ጥሩ መሳቢያ አገኛችሁ ማለት ነው። አዲሶቹን ሦስቱን ከእሱ ጋር አስራችሁ በእሱ ሳቡ። አስቀድማችሁ ግን አሮጌው በነፃ መንቀሳቀሱን ሁለቱን ጫፎቹን ነካ ነካ አድርጋችሁ እዩ።

በመጨረሻም የኮንዲውቱን ሁለት አፎች በጣት ዳስሱ። የተቆረጠበት ስለታም ጠርዝ ካለ በካተር ወይም በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ብዙ የተላጠ ገመድ የተላጠው ግድግዳው ውስጥ ሳይሆን እዚሁ አፉ ላይ ነው።

ደረጃ 4፦ ከየት ወደ የት?

ብዙ ሰው ይህን ሳያስብ ከቀረበው ጫፍ ይገፋል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ገመዱ መታጠፊያ ከሚበዛበት ጫፍ ይግባ። ገመድ መታጠፊያ ሲያልፍ ከኋላው ያለው ሸክም በሰበቃ ይባዛል። መታጠፊያው መግቢያው አጠገብ ከሆነ የሚባዛው ትንሽ ሸክም ነው። መጨረሻው ላይ ከሆነ ግን የመንገዱ ሁሉ ሸክም ይባዛል።

በእኛ ምሳሌ ከብሬከር ሳጥኑ ወጥቶ ወደ ሶሌታ (የጣሪያው ኮንክሪት) ሲወጣ ሁለት መታጠፊያ አለ፣ ኩሽና ሲወርድ አንድ። ስለዚህ ገመዱ በብሬከር ሳጥኑ በኩል ይገባል፣ ከኩሽና በኩል ይሳባል። መሳቢያው ደግሞ በተቃራኒው፣ ከኩሽና ወደ ሳጥኑ ይገፋል። ይህ ማለት የብረቱ ጫፍ ብሬከር ሳጥን ውስጥ ብቅ ይላል። ደረጃ 1ን ያጠበቅኩት ለዚህ ነው። የሳጥኑ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱን ማረጋገጥ ካልቻላችሁ መሳቢያውን አትግፉ፣ ባለሙያ ጥሩ።

ደረጃ 5፦ መሳቢያውን ግፉ

1. ጫፉን እዩ። ትንሽ ቀለበት የሠራ፣ ለስላሳ፣ ሹል ነገር የሌለው መሆን አለበት። ቀለበቱ የተከፈተ ከሆነ በፒንሳ ግጠሙት፣ አንድ ዙር ናስትሮም አልብሱት።
2. የመንገዱን ርዝመት ለኩና መሳቢያው ላይ በዚያ ርቀት በማርከር ምልክት አድርጉ። ምልክቱ አፉ ላይ ሲደርስ ጫፉ ወዲያኛው ጋ መድረስ አለበት።
3. ብረቱ ከጥቅልሉ የተረፈ ጉብጠት አለው። ጉብጠቱ ወደ መጀመሪያው መታጠፊያ አቅጣጫ እንዲያይ አድርጋችሁ አስገቡት። ተቃራኒ ከሆነ የመጀመሪያው ኤልቦ ላይ ግንባሩን ይመታል።
4. ከአፉ 20 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብላችሁ ያዙና በአጭር በአጭሩ ግፉ። ከዚህ በላይ ራቅ ብላችሁ ከያዛችሁት መሃሉ ይጎብጥና የገፋችሁት ኃይል ከውጭ ይቀራል።
5. ረዳቱ ብሬከር ሳጥኑ ጋ ጓንትና መነጽር አድርጎ ይቁም። ፊቱን አፉ ላይ አያድርግ። ጫፉ ብቅ ሲል "መጣ" ይበል፣ እናንተም ወዲያው አቁሙ።
6. ግማሽ ሜትር ያህል ካወጣ በኋላ ጫፉ ወደ ውስጥ እንዳይመለስ ይያዝ።

ረዳቱና ሳጥኑ ሌላ ክፍል ከሆኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስልክ ክፍት ይሁን።

መሳቢያው ሲቀረቀር

እንደምትገምቱት አብዛኛው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። አትምቱት፣ በመዶሻም አትንኩት። በቅደም ተከተል ይህን ሞክሩ።

መጀመሪያ 50 ሴንቲ ሜትር መልሱ፣ ብረቱን ሩብ ዙር ጠምዝዙ፣ እንደገና ግፉ። ሩብ ዙር እያደረጋችሁ አራቱንም አቅጣጫ ሞክሩ። ኤልቦ ላይ የቆመ ጫፍ ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ያልፋል።

ካላለፈ አፉ ላይ ምልክት አድርጉና መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጡት። ከምልክቱ እስከ ጫፉ ለኩ። ያንን ርቀት በሳላችሁት መንገድ ላይ አስቀምጡት። አሁን የት እንደቆመ ታውቃላችሁ። መታጠፊያ ላይ ከሆነ ተስፋ አለው። ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ ኮንዲውቱ ተሰባብሯል ወይም ሲሚንቶ ገብቶበታል። ጫፉንም እዩት፤ ነጭ ወይም ግራጫ አቧራ ከያዘ ሲሚንቶ ነው። እርጥብ ከሆነ ውሃ ገብቷል፤ በኮምፕሬሰር ንፉት፣ የውሃውንም ምንጭ ፈልጉ። ውሃ በተኛበት ቱቦ ውስጥ ገመድ አይሳብም።

ከዚያ ከሌላኛው ጫፍ ሞክሩ። ከወዲህ ያላለፈ ከወዲያ ሊያልፍ ይችላል፤ ከአንድ ወገን የሚያስቸግር የመገጣጠሚያ ጠርዝ ከሌላው ወገን ላይሰማ ይችላል።

ሁለት መሳቢያ ካላችሁ ከሁለቱም ጫፍ አስገቡ። የሁለቱንም ጫፍ ወደ አንድ ጎን በትንሹ ከፈት ያለ መንጠቆ አድርጉት። ሲገናኙ እንዲተላለፉ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምራችሁ ግፉ። ከዚያ አንደኛውን ጥቂት ዙር አዙሩና በቀስታ መልሱት። ሌላኛው አብሮ ከተንቀሳቀሰ ተያይዘዋል። ካልተያያዙ መደጋገም ነው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል።

የአቧራ መሳቢያ ማሽን ያለው ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ከፌስታል ቁራጭ ትንሽ ኳስ ሥሩ፣ በቀጭን የናይለን ክር እሰሩት፣ በአንዱ አፍ ክተቱት። በሌላው አፍ ላይ የማሽኑን ቱቦ ደቅኑና ዙሪያውን በጨርቅ ድፈኑት። ክሩ ከወጣ በእሱ ወፍራም ሲባጎ፣ በሲባጎው መሳቢያውን ሳቡ። ይህ የሚሠራው ኮንዲውቱ መሃል ላይ ሳይከፈት የሚሄድ ከሆነ ነው። ክፍት ጃንክሽን ቦክስ ካለ አየሩ በዚያ ይገባል።

መሳቢያው ከምልክቱ አልፎ ዝም ብሎ ከገባስ? ደስ አይበላችሁ። ወይ ወደ ሌላ ኮንዲውት ገብቷል ወይ ጃንክሽን ቦክስ ውስጥ እየተጠቀለለ ነው። ከምልክቱ አንድ ሜትር ካለፈ አቁሙና በመንገዱ ያሉትን ቦክሶች ክፈቱ። በጂፕሰም የተደፈነ ቦክስ መኖሩን አትርሱ።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ግድግዳው ይከፈታል። ቦታውን ለክታችሁ ስለምታውቁ የምትከፍቱት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በመሮ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ የተጎዳውን ቁራጭ አውጡ፣ በመገጣጠሚያ አዲስ ቁራጭ ተኩ። ኮለንና ቢም ላይ ከሆነ ግን አትቆፍሩ። የቤቱ ሸክም ያረፈው እነሱ ላይ ስለሆነ ሌላ መንገድ ይፈለጋል።

መሳቢያው ገብቶ አልወጣ ካለ፦ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አሽከርክሩ፣ ትንሽ ግፉ፣ ትንሽ ሳቡ። በአፉ በኩል ማለስለሻ ጨምሩ። በጉልበት ብትጎትቱት ጫፉ ይበጠስና ኮንዲውቱን ለሁልጊዜው ይዘጋዋል።

ደረጃ 6፦ ገመዱን እሰሩ

ሥራው የሚሳካው ወይም የሚበላሸው በዚህ ማሰሪያ ነው። ሁለት ጠባይ ይፈለግበታል፤ እንዳይፈታ መጥበቅ፣ እንዳይቀረቀር መቅጠን።

1. ሦስቱን ገመዶች ጫፋቸውን እኩል አድርጉና የአንደኛውን 15 ሴንቲ ሜትር፣ የሁለተኛውን 12፣ የሦስተኛውን 9 ላጡ። ስትልጡ መዳቡን አትብጡት፤ የተበጣ መዳብ ሲሳብ እዚያው ላይ ይበጠሳል።
2. የቀለበቱ ቀዳዳ የሚበቃ ከሆነ ሦስቱንም መዳብ አሳልፉበት። የማይበቃ ከሆነ ረጅሙን ብቻ አሳልፉ፣ ወደ ኋላ እጠፉት፣ በራሱ ላይ አጥብቃችሁ ጠምዝዙት።
3. የቀሩትን ሁለቱን ከኋላ፣ እየተቀዳደሙ፣ በመጀመሪያው መዳብ ላይ ጠምዝዟቸው። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ከተጠመዘዙ እብጠት ይፈጠራል። ኤልቦው የሚይዘው ያንን እብጠት ነው።
4. የተረፉትን የመዳብ ጫፎች በፒንሳ ቁረጡና ወደ ውስጥ ተጫኗቸው። በጣት ስትዳስሱ የሚወጋ ነገር አይኑር።
5. ናስትሮውን ከገመዱ ሽፋን ጀምራችሁ ወደ ብረቱ ጠቅልሉ። አቅጣጫው ልዩነት አለው። እንዲህ ሲጠቀለል የናስትሮው ጠርዞች ወደ ኋላ ያያሉ፣ ሲሳብም አይላጡም። እየጎተታችሁ አጥብቁት፣ ግማሽ በግማሽ ይደራረብ፣ አንድ ዙር ይበቃል። ሦስት ዙር ናስትሮ ጥንካሬ አይጨምርም፣ ውፍረት ግን ይጨምራል።
6. አንዳችሁ መሳቢያውን፣ ሌላችሁ ገመዱን ይዛችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡት። ትንሽ እንኳ ከተንሸራተተ ፈታችሁ እንደገና ሥሩ። ትርፍ ኤልቦ ካላችሁ በእሱ ውስጥ አሳልፋችሁ እዩት። ውጭ ላይ ያላለፈ ውስጥ አያልፍም።

ናስትሮ ብቻውን ማሰሪያ አይደለም። መዳብ ከብረት ጋር ሳይጠላለፍ በናስትሮ ብቻ የተያያዘ ገመድ መሃል መንገድ ላይ ይቀራል።

ማለስለሻ

መንገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ከሆነ ላያስፈልግ ይችላል። ሁለትና ከዚያ በላይ መታጠፊያ ካለው ተጠቀሙ። ለገመድ ተብሎ የተሠራው ማለስለሻ ይመረጣል። ካልተገኘ ንጹሕ የታልክ ዱቄት ይሠራል። የሕፃናት ፓውደር ስትገዙ ከታልክ መሠራቱን እዩ፤ ከበቆሎ ስታርች የተሠራው እርጥበት ሲያገኝ ይጋገራል።

ግሪስ፣ የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ አትጠቀሙ፤ የገመዱን የፕላስቲክ ሽፋን ይጎዳሉ። የዱቄት ሳሙናም ይቅር። ጨውነት ስላለው እርጥበት ይስባል፣ እርጥብ ሲሆን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ማለስለሻውን በማሰሪያው ላይና በሚገባው ገመድ የመጀመሪያ ሜትሮች ላይ አድርጉ። ገመዱ እየገባ ሳለም አፉ ላይ ጨማምሩ። የምትስቡበትን ጓንት ግን አታስነኩት።

ደረጃ 7፦ ሳቡ

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው ቦታ የሚስበው ሰው ያለበት አይደለም፣ የሚያስገባው ያለበት ነው። ልምድ ያለው ሰው እዚያ ይቁም።

የገመዱን ጥቅልል መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ከላይ በኩል አትምዘዙት፤ እንዲያ ሲሆን በየዙሩ ይጠማዘዛል፣ ቋጠሮም ይፈጥራል። ሦስቱን ጥቅልሎች በእንጨት ወይም በቧንቧ ላይ ሰክታችሁ እንዲሽከረከሩ አድርጉ። ጥቅልል ከሌለ ቀድማችሁ መሬት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጓቸው።

ሦስት ቃል ላይ ተስማሙ፦ "ሳብ"፣ "ቁም"፣ "መልስ"። "ቁም" ከሁለቱ ከማንም ይምጣ፣ ሁለታችሁም ትቆማላችሁ።

የሚያስገባው ሰው ሦስቱን ገመዶች ሳይተላለፉ ጎን ለጎን ይዞ ከሚሳበው ፍጥነት ጋር እኩል ይግፋ። ገመዱ አፉ ላይ ጠርዝ ላይ እንዳይተሻሽ በቀጥታ ይግባ። የሚስበው ሰው ክንዱን እያፈራረቀ፣ ሳይጣደፍ፣ ሳያቋርጥ ይሳብ። ማሰሪያው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ትንሽ ይከብዳል፤ እዚያ ላይ ባይቆም ይመረጣል፤ ከቆመ በኋላ ማስነሳት ይከብዳልና።

የማይደረጉ ነገሮች፦

- ብረቱን እጅ ላይ መጠቅለል። ጠርዙ ጓንት ይቆርጣል፣ ጣትም ይቆርጣል።
- በፒንሳ ነክሶ መሳብ። ብረቱ ይሰበራል ወይም ይታጠፋል። መያዣው ከእጀታው ጋር የተሠራው ለዚህ ነው።
- መሰላል ላይ ሆኖ በሙሉ ክብደት መሳብ። ማሰሪያው ከተፈታ ወደ ኋላ ትወድቃላችሁ።
- በድንገት መንተግ።

ጉልበቱ ስንት ይሁን ለሚል፦ ለመዳብ ገመድ የተለመደው ወሰን በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 50 ኒውተን ነው። ለአንድ ባለ 4 ገመድ 200 ኒውተን፣ 20 ኪሎ የማንሳት ያህል ማለት ነው። ባለ 2.5 ከሆነ 12 ኪሎ ተኩል ገደማ። ሦስት ስለሆኑ በሦስት አታባዙት፤ ሸክሙ እኩል የሚከፋፈለው ሦስቱም በቀለበቱ ካለፉ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከተሳበ መዳቡ ይለጠጣል፣ ይቀጥናል። ከውጭ ምንም አይታይም፤ ምጣዱ ሲሠራ ግን ያ ቦታ ይግላል።

ገመዱ መሃል ላይ ሲቆም

"ቁም" በሉ። የሚያስገባው ሰው 30 ሴንቲ ሜትር ይመልስ፣ ሦስቱን ያስተካክል፣ ማለስለሻ ይጨምር፣ እንደገና ሳቡ። አስገቢው ሲገፋ እናንተ መሳባችሁ በአንድ ጊዜ ይሁን፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህ መናበብ ነው።

ሁለት ሦስቴ ሞክራችሁ ካልሄደ ሙሉ በሙሉ መልሳችሁ አውጡት። ማሰሪያውን እዩ። ናስትሮው ተሰብስቦ ጎብጦ ከሆነ ወፍሮ ነበር ማለት ነው፤ አቅጥናችሁ ሥሩት። ስታወጡት መሳቢያው ገመዱን ተከትሎ ስለሚመለስ መንገዱ አይጠፋባችሁም፤ ጅራቱን ብቻ በኩሽና በኩል እንዳይገባ ያዙት።

መሳቢያው ብቻውን ቀልሎ ከመጣ ማሰሪያው ተፈቷል። በገባው ገመድ ላይ ሌላ ገመድ እየገፋችሁ ለማዳን አትሞክሩ። ገመዱን ባስገባችሁበት በኩል አውጡና ከደረጃ 5 ጀምሩ። ያሳዝናል፣ ግን ሌላው መንገድ የበለጠ ጊዜ ይበላል።

ደረጃ 8፦ የወጣውን መርምሩ

ከመቁረጣችሁ በፊት በኩሽና በኩል ግማሽ ሜትር ያህል ትርፍ አውጡና ሽፋኑን በጣት ዳስሱ፣ በብርሃን እዩ። ቀላል ጭረት ከመጀመሪያው 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢኖር አይገርምም፣ እሱ ይቆረጣል። መዳብ ከታየ ግን ያ ገመድ አይሆንም። በናስትሮ ጠግኖ ወደ ኮንዲውት መመለስ፣ ወይም ኮንዲውት ውስጥ ገመድ ቀጥሎ ማሳለፍ ክልክል ነው። ቅጥል የሚቀመጠው ሊከፈት በሚችል ቦክስ ውስጥ ብቻ ነው።

የታሰረበትንና የተጠመዘዘውን ክፍል ቁረጡ። በየሳጥኑ 20 ሴንቲ ሜትር ተዉ። አሳጥሮ የቆረጠ ሰው ሶኬት ሲገጥም ይጸጸታል።

ከዚያ ለኩ። በአንዱ ጫፍ ሁለት ሁለቱን እያገናኛችሁ በሌላው በመልቲሜትር መቀጠላቸውን አረጋግጡ። ሲያበቃ ሁሉንም ለያዩ። ሜገር ካለ፣ ሁለቱም ጫፍ ምንም ነገር ሳይታሰርበት፣ በ500 ቮልት በፌዝና በኒውትራል፣ በፌዝና በኧርዝ፣ በኒውትራልና በኧርዝ መካከል ለኩ። ዓለም አቀፉ ዝቅተኛ የሽፋን መቋቋም ወሰን 1 ሜጋ ኦም ነው፤ አዲስ ደህና ገመድ ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ያሳያል። ወደ ወሰኑ የተጠጋ ቁጥር ካያችሁ "አልፏል" ብላችሁ አትለፉት፣ ገመዱ የሆነ ቦታ ተነክቷል። የመልቲሜትሩ ኦም ለዚህ አይበቃም፤ የባትሪው ቮልቴጅ ትንሽ ስለሆነ የተላጠ ሽፋን አያጋልጥም።

ቀለም ላይ ተጠንቀቁ። በድሮ ቤቶች ሰማያዊ ፌዝ ሆኖ የምታገኙበት ጊዜ አለ፤ በአዲሱ አሠራር ደግሞ ሰማያዊ ኒውትራል ነው። አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበት ግን ሁሌም ለኧርዝ ብቻ ይሁን። የሦስቱንም ሁለት ጫፍ በናስትሮ ላይ ጽፋችሁ ምልክት አድርጉ። ብሬከሩ ላይ የማሰሩን ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ላለው ባለሙያ ተዉት።

ደረጃ 9፦ መሳቢያውን አጽዱ፣ ጫፉን ጠግኑ

ወደ መያዣው ስትመልሱት በትንሽ ዘይት በራሰ ጨርቅ እየጠረጋችሁ ጠቅልሉ። የዛገ ብረት ኮንዲውት ውስጥ ይሰበቃል፣ ከታጠፈበትም ይሰበራል። መሃሉ ላይ ስብራት የሚመስል እጥፋት ካለው ያንን ክፍል ቁረጡት። አቅንታችሁ ብትጠቀሙበት ቀጣዩ ሥራ ላይ እዚያው ይበጠሳል።

ጫፉ ከተሰበረ አዲስ ቀለበት መሥራት ይቻላል፣ ግን እንዲሁ በፒንሳ ብታጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ብረቱ የጠነከረ ነው። መጨረሻውን 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ በጋዝ እሳት ቀይ እስኪሆን አግሉት። ከዚያ በራሱ ጊዜ አየር ላይ ይቀዝቅዝ። ውሃ ውስጥ አትንከሩት፤ ውሃ መልሶ ያጠነክረውና ተሰባሪ ያደርገዋል። ሲቀዘቅዝ በፒንሳ ጠባብ ቀለበት ሥሩለት፣ ጫፉን ወደ አካሉ አስጠጉት፣ ስለታሙን ጠርዝ በሞረድ ጨርሱት።